ጎማውን የነፋው ማን ነው?

«እማዬ፣ እንዳትደነግጪ» ብሎ የሚጀምር ስልክ ተደውሎላችሁ ያውቃል? ወላጅ የሆነ ሰው ከዚህ በኋላ የሚባለውን በደንብ አይሰማም። መስቀል ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ገደማ፣ ቡና እየቆላሁ ሳለ ነው የተደወለልኝ። ደዋዩ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጄ ቢሆንም ስልኩ የጓደኛው ነው። የእሱ ስልክ ኪሱ ውስጥ እንዳለ አብሮት ወድቆ ተሰብሯል። ካወራው ሁሉ የገባኝ ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ እንጦጦ፣ ብስክሌት፣ እጄን። ቡናው ምጣዱ ላይ አረረ።

የግራ እጁ አንጓው ላይ ተሰብሮ ነበር። ራጅ ተነሣ፣ ጀሶ ታሰረለት፣ ስድስት ሳምንት ተባልን። አማቴ «ወጌሻ ሳያየውማ አይሆንም» ብለው ነበር፤ በዚያ የተነሣውን ክርክር ለሌላ ሳምንት ላቆየው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጎማ ነው። አዎ፣ ስለ ብስክሌት ጎማ። ብስክሌት ይዞ ዳገት የሚወጣ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ እኔ ይህን ሁሉ የተማርኩት ከስብራቱ በኋላ ነው።

የምንኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የሰፈራችንን ልጆች የብስክሌት ነገር ልባቸውን ወስዶታል። ፓርኩ ውስጥ ለብስክሌት ተብሎ የተሠራ መንገድ አለ። የእኔ ልጅና ጓደኞቹ ግን አብዝተው የሚወዱት በባሕር ዛፉ መሐል ሽቅብ ቁልቁል የሚለውን የእግር መንገድ ነው። ብስክሌቱ ከአጎቱ የወረሰው፣ ባለ 26 ጎማ የተራራ ብስክሌት ነው። ባለፈው ሰኔ ሁለቱም ጎማዎች ስላለቁ ልገዛለት መርካቶ የወረድኩት እኔ ነኝ።

ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን «26 ጎማ» ብዬ ጠየቅሁ፤ 26 ሰጡኝ። ቤት ስንሞክረው አልገባ አለ። ልጄ ሲታገል፣ እኔ በማንኪያ እጀታ ሳግዘው አመሸን። ለካስ 26 የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርም! 26 × 2.10 ተብሎ በነጥብ የሚጻፈው የተራራ ብስክሌት ጎማ ነው። 26 × 1 3/8 ተብሎ በክፍልፋይ የሚጻፈው ደግሞ የድሮው የከተማ ብስክሌት ጎማ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ቸርኬ ላይ አይገቡም። የማያሳስተው ጎኑ ላይ በትንንሹ የተጻፈው ሌላው ቁጥር ነው። በልጄ ጎማ ላይ 54-559 ይላል። 54ቱ የጎማው ውፍረት፣ 559ኙ ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ዲያሜትር ነው፤ ሁለቱም በሚሊሜትር። ባለ 24 የልጆች የተራራ ብስክሌት 507 ይላል፣ ባለ 27.5 584፣ ባለ 29 622። ያ ያታገለን የክፍልፋይ 26 ደግሞ 590 ነው። አሮጌውን ጎማ በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ሂዱ፤ የእኔን የታክሲ ደርሶ መልስ ያተርፍላችኋል።

በሁለተኛው ጉዞዬ ሻጩ አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ለአስፋልት ነው ለተራራ?» አለኝ። እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ «ለሁለቱም የሚሆን» አልኩት። መሐሉ ልሙጥ፣ ጠርዙ ላይ አጫጭር ጥርስ ያለው ጎማ አወጣልኝ። ዋጋው ረከስ ያለ ነው፤ ላስቲኩ ወፍራም ነው፤ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ሰውየው አልዋሸኝም። የጠየቅሁትን ነው የሰጠኝ።

አሁን ስለ አባቴ ልንገራችሁ። ቤት ውስጥ ሁላችንም «አባባ» ነው የምንላቸው። የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበሩ፤ ኤንትሬ ከነተሳቢው ነድተዋል። ጎማ ሲባል በቤታችን ከሳቸው በላይ የሚናገር የለም። ልጄ በየቅዳሜው ጠዋት ብስክሌቱን አውጥቶ «አባባ፣ ይዩልኝ» ይላል። እሳቸውም ጎማውን በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አድርገው «ለስላሳ ነው» ይሉና ወደ ጎሚስታው ይዘውት ይሄዳሉ። ያን ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። ጎኑ ላይ ከ30 እስከ 65 ፒኤስአይ ይላል፤ አባባ 65 አስሞሉት። የጭነት መኪና ጎማ ወደ መቶ ገደማ ነው የሚሞላው፤ እናም በሳቸው ዓይን 65 ለልጅ ተብሎ የተቀነሰ ነው።

ከአደጋው በኋላ ብስክሌቱን ዕቃ ቤት አስገብቼ ቆለፍኩበት። ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ያዝኩ። ልጄ አንድም ቀን አልጠየቀኝም፤ ይህ ዝምታው ከጩኸት በላይ አሳሰበኝ። አባባም ዝም አሉ። በየማታው ብርቱካን ገዝተው ይመጡና ልጁ አጠገብ አስቀምጠው ወደ ክፍላቸው ይገባሉ። እራት ላይ የጀሶውን እጅ ላለማየት ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ያዞራሉ። የልጆቼ አባት ለሥራ ክፍለ አገር ነው የሚውለው፤ በስልክ «ሽጪው» አለኝ። እኔም ልሸጠው ነበር የወሰንኩት።

ለመሸጥ ደግሞ ዋጋ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዋናው መንገድ ዳር በአንዲት ኮንቴይነር ውስጥ ብስክሌት የሚሠራ ወጣት አለ፤ ብስክሌቱን እየገፋሁ ወደ እሱ ወሰድኩት። ገና ሳያወጣኝ ሳያወርደኝ የፊት ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ደግሞ ተጫነው። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ድንጋይ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ጎማውን አሽከርክሮ መሐሉን ዳበሰው። «በዚህ ነው እንጦጦ የሚወርደው?»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልጄ የወደቀው ፈጥኖ ነው፣ አልታዘዝ ብሎ ነው፣ ጎረምሳ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ቀጥቼውም ነበር። ጎማውን የመረጥኩት እኔ መሆኔ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም።

ወጣቱ ሊሸጥልኝ የሚችለው ጎማ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ቢሆንም «መንገዱን ሳያዩ ጎማ አይግዙ» አለኝ። «ልጁን ይዘው ይውጡና መሬቱን ይዩት። ከዚያ ይምጡ።» እንዲህ የሚል ነጋዴ ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው።

እሑድ ጠዋት ልጄን ከነጀሶው ይዤ በእግር ወጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እንጦጦ ሥር ኖሬ፣ ለንግሥም ለሽርሽርም ስንት ጊዜ ወጥቼ፣ መሬቱን ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

ከበራችን እስከ አስፋልቱ ኮብልስቶን ነው። ደረቅ ሲሆን ያንቀጠቅጣል፤ ሲረጥብ የብዙ ጎማ መመላለስ ያለሰለሰው ድንጋይ እንደ ሰሐን ያንሸራትታል። ከዚያ የአስፋልቱ ዳገት አለ። ልጄ በቀኝ እጁ እያሳየኝ «የጎማው ጥርስ የሚያልቀው እዚህ ነው እማዬ፤ ጫካው ውስጥ አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ለስላሳ ላስቲክ ያለው ባለ ትልልቅ ጥርስ ጎማ አፈርና ድንጋይ ላይ ይይዛል፤ አስፋልት ላይ ግን እያጉረመረመ ቶሎ ያልቃል፤ ዳገት ላይም ልጁን ያደክማል። የእኛ ልጆች ጫካው ጫፍ ድረስ በመኪና የሚያደርሳቸው ስለሌለ ይህን መርሳት አይቻልም።

ከአስፋልቱ ወጥተን ጫካው ውስጥ ስንገባ መሬቱ ተለወጠ። አፈሩ ቀይ ወደ ቡናማ የሚወስደው ነው። ክረምት ዝናብ ሲጠጣ ሳሙና ይሆናል፤ ጥቅምት ሲገባ ላዩ ዱቄት፣ ታቹ ሲሚንቶ ይሆናል። ልጄ በጫማው ጫፍ ጫር አድርጎ አሳየኝ፤ ከአንድ ጣት በታች ጠንካራ ነው። ልሙጥ ጎማ በዚያ ዱቄት ላይ ሲሄድ፣ ጥሬ የፈሰሰበት ወለል ላይ በካልሲ እንደ መሮጥ ነው። ጥርሱ ከዱቄቱ አልፎ ታች ያለውን ጠንካራውን መሬት መንከስ አለበት። ቦታ ቦታውን ደግሞ ጎርፍ አፈሩን ወስዶ ድንጋዩን አግጥጦታል። የባሕር ዛፍ ሥር መንገዱን አቋርጦ ይተኛል፤ ቅርፊቱ ተልጦ እንደ ገመድ ተንጋሏል፤ ቁልፍ የሚመስለው ጠንካራ ፍሬው ከጎማ ሥር ሲገባ ይንከባለላል። ከሁሉ የከፋው ቅጠሉ ነው። ባሕር ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የማገዶ ችግር ፈታ ሲባል ስንማር፣ ቅጠሉ አንድ ቀን የልጄን እጅ ይሰብራል ብዬ መቼ አሰብኩ!

ልጄ እያንዳንዷን እርምጃ ያውቃታል። «እዚህ ጋ ፍሬን አይያዝም፤ ቀድመሽ ነው የምትይዢው» ይለኛል። «ይቺን ሥር በቀኝ ካለፍሽ ትጥልሻለች።» በሁለት ድንጋይ መሐል ያለችውን ጠባብ ማለፊያ «ጉሮሮ» ይሏታል። ቤት ውስጥ «ትምህርት እንዴት ነበር?» ስለው «ደህና» ብሎ የሚዘጋኝ ልጅ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራኝ።

መሐል መንገድ ላይ ማገዶ የተሸከሙ እናቶች ከላይ ሲወርዱ ተገናኘን። እነዚያ እናቶች ከነሸክማቸው ጎንበስ ብለው ስለሚሄዱ ወደ ላይ ማየትም ሆነ ወደ ጎን መዝለል አይችሉም። ቆመን አሳለፍናቸው። «ብስክሌት ላይ ሆነህ ስታገኛቸውስ?» አልኩት። «እንወርዳለን» አለ፣ እንዴት ይጠየቃል በሚል ዓይነት። ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ያ ልሙጥ ጎማ በዚህ ቁልቁለት በጊዜ ሊቆምለት እንደማይችል ትዝ አለኝና ደስታዬ ቀነሰ።

ከዚያ የወደቀበት ቦታ ደረስን። ገደል አይደለም፤ ወደ ውጭ ያዘነበለች ትንሽ ኩርባ ናት፤ ቅጠል ተከምሮባታል። «ፍሬን እንኳ አልያዝኩም» አለኝ። «የፊት ጎማው ጥሎኝ ሄደ።» የጋሪ ወርድ ያህል ዝቅ ብሎ፣ በስለት የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ጉቶ ነበር፤ ጫፉ የሾለ። እሱ የወደቀው ከጉቶው በዚህ በኩል ነው። ሁለታችንም ጉቶውን አየነው። ሁለታችንም ምንም አላልንም።

ሰኞ ወደ ኮንቴይነሩ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ወጣቱ የነገረኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ልጁ ይደነግጣል፤ የፊት ጎማ ሲንሸራተት ልጁ ይወድቃል። የኋላው ጅራቱን ቢያወዛውዝ ጊዜ ይሰጣል፤ የፊቱ ከሄደ ግን ሁሉም ነገር አብሮ ሄዷል። ስለዚህ ለሁለት ጥሩ ጎማ የሚበቃ ገንዘብ ከሌለ፣ ጥሩው ፊት ይግባ። ብዙዎቻችን የምናደርገው ግን የተገላቢጦሹን ነው። የኋላው ክብደት ስለሚሸከምና ስለሚገፋ ቶሎ ያልቃል፤ አዲስ ስንገዛ እዚያው ያለቀበት ቦታ እናስገባለን። ትክክለኛው የፊቱን ወደ ኋላ ማዛወርና አዲሱን ፊት ማስገባት ነው።

ለፊት የመረጥነው ጥርሱ ረዘም፣ አራርቆ የተተከለ፣ በተለይ የጎን ጥርሶቹ ጠንካራ የሆኑትን ነው። ብስክሌት ኩርባ ላይ ሲያዘነብል የሚቆመው በጎን ጥርሱ ላይ ነውና ሲገዙ በጣት ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ማየት ጥሩ ነው፤ እንደ ሕፃን ጥርስ ከተወላገደ ይቅርባችሁ። ለኋላ ደግሞ ጥርሱ አጠር፣ ጠጋ ጠጋ ያለውን ወሰድን፤ አስፋልቱንና ኮብልስቶኑን ሳያስቸግር እንዲንከባለል። የፊቱ 2.25፣ የኋላው 2.10 ነው። ከዚያ የሰፋ ፈልገን ነበር፤ ግን ጎማውና የብስክሌቱ አካል መሐል ቢያንስ ትንሽ ጣት የምታልፍበት ክፍተት መኖር አለበት፤ አለበለዚያ ጭቃ ይቀረቅረዋል። ጎማው ጎን ላይ ቀስት አለ፤ የሚዞርበትን አቅጣጫ ነው የሚያሳየው። እኔ ያንን ልሙጥ ጎማ ስናስገባ ቀስቱን እንኳ አላየሁትም ነበር።

«ለክረምትስ?» ብዬ ጠየቅሁ። የጭቃ ጎማ የሚባል አለ፤ ጥርሱ ረጅምና በጣም የተራራቀ ነው፤ ሲሽከረከር ጭቃውን እየተፋ እንዲሄድ ነው። ደረቅ መሬትና አስፋልት ላይ ግን ይከብዳል፤ ለሁለት ወር ብቻ ደግሞ ሌላ ጎማ የሚገዛ አቅም የለንም። ስለዚህ እኛ ቤት ጎማው ለበጋው ተመረጠ፤ ሐምሌና ነሐሴ ጫካው ተከለከለ። ልጄ ይህን ያለ ክርክር መቀበሉ ገርሞኛል። እሱ እንደሚለው በጭቃ የተነዳበት መንገድ ቦይ ይሆንና ከርሞ ጎርፍ ይበላዋል። ከእንጦጦ ወዲያ ወደ ሱሉልታ የሚኖሩ ቤተሰቦች ደግሞ ሌላ ነገር አለባቸው፤ ሜዳው ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ ሲረጥብ ለየትኛውም ጎማ አይመለስም፤ ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ጨርሶ እስከሚያቆመው ድረስ ይለጠፋል። እዚያ ምርጫው የጎማ ሳይሆን የቀን ነው፤ እስኪደርቅ መጠበቅ።

ከካላማዳሪ ነፃ የሆነው ቱብለስ የሚባለውም ተነሥቶ ነበር። ውስጡ ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ ቀጋም አጋምም ቢወጋው ፈሳሹ ቀዳዳውን ራሱ ይደፍነዋል። ጥሩ ነው። ግን የልጄ ቸርኬ ለዚያ የተሠራ አይደለም፤ ፈሳሹም በየጥቂት ወሩ ይደርቃል። በእኛ ሰፈር ለአንድ ልጅ ካላማዳሪና መለጠፊያ ይበቃዋል። ጎማ መለጠፍ የማይችል ልጅ ደግሞ ጫካ መግባት የለበትም ባይ ነኝ፤ እኔም ራሴ ተምሬያለሁ፣ ማስቲሹ ጥፍሬ ላይ ሦስት ቀን ቢሰነብትም።

ቀረ ነፋሱ። ነፋሱ ደግሞ የአባባ ነው።

እንዴት ብዬ ልንገራቸው? «የልጅ ልጅዎን የጣሉት እርስዎ ነዎት» ይባላል? ግማሹ ጥፋት የእኔ እንደሆነ ብነግራቸውም ሌላውን ግማሽ ለራሳቸው እንደሚወስዱት አውቃለሁ። ስለዚህ ምንም ሳልናገር ወደ ኮንቴይነሩ ይዣቸው ሄድኩ። ወጣቱ ብልህ ነው። «አባባ፣ በአሰብ መንገድ መኪናው አሸዋ ውስጥ ሲገባብዎት ምን ያደርጉ ነበር?» አላቸው።

«ከጎማው አስተነፍስ ነበራ!» አሉ አባባ ቆጣ ብለው፤ ሥራቸውን የተጠራጠረ መስሏቸው። «ተንፍሶ ተንፍሶ ጎማው ሲተኛ መሬቱን ይይዛል፤ ትወጣለህ።» ከዚያ ዝም አሉ። ብስክሌቱን አዩት። ወጣቱም ምንም አልጨመረም፤ ፓምፑን ብቻ አቀበላቸው።

ነገሩ ይኸው ነው። ድንጋይ የሆነ ጎማ ጠጠር ላይ ሲወጣ ይነጥራል፤ በነጠረ ቁጥር ደግሞ መሬት አልነካም ማለት ነው። ለስለስ ያለ ጎማ ድንጋዩን አቅፎ ያልፋል፤ መሬት የሚነካው አካሉም ይሰፋል። በጣም ከለሰለሰ ደግሞ ድንጋዩ ካላማዳሪውን ከቸርኬው ጋር ያጣብቀዋል፤ ያን ጊዜ እባብ የነከሰው የሚመስል ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ታገኛላችሁ። በጎኑ ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ጎማው የሚችለው መጨረሻ ነው፤ ሙሉልኝ ማለቱ አይደለም። መጠኑን የሚወስነው የነጂው ክብደት ነው። ልጄ 46 ኪሎ ነው። ፊት 30፣ ኋላ 33 ስናደርገው ተስማማው። ከ30 በታች አንወርድም፤ ጎማው ራሱ አይፈቅድም። ወንድሜ 80 ኪሎ ይመዝናል፤ በዚሁ ብስክሌት ሲወጣ 38 ያህል ይሞላዋል። ለእናንተ ልጅ እየቀነሳችሁ እየሞከራችሁ ነው የምታገኙት፤ ሁለት ሁለት ፒኤስአይ እየተባለ። ቸርኬው ድንጋይ ላይ ኳ ካለ ትንሽ ጨምሩ።

በመኪና ጎሚስታ ኮምፕሬሰር የብስክሌት ጎማ ማስሞላት እኛ ቤት ቀርቷል። አየሩ በአንድ ትንፋሽ ስለሚገባ ሰውየው መለኪያውን ሳያይ ያልፋል። አባባ የድሮ የአየር መለኪያቸውን ከሳጥናቸው አውጥተው ነበር፤ ነሐሱ አሁንም ያብረቀርቃል። ግን የተሠራው ለጭነት መኪና ስለሆነ 30 እና 40 ላይ በመርፌ ጫፍ ነው የሚለየው። አነስተኛ መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ ገዛንላቸው። ካላማዳሪ በራሱ ጊዜ ነፋስ ስለሚያጣ በየሳምንቱ መለካት ያስፈልጋል፤ ያ የቅዳሜ ጠዋት ሥራ የአባባ እንደሆነ ቀረ።

አንድ ማታ የጎማን ታሪክ አነበብኩላቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 ቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም፣ የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በጠጣር ጎማ ሲንገጫገጭ አይቶ ነው ነፋስ የተሞላ ጎማ የሠራለት። በሚቀጥለው ዓመት የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ በኋላ ግን ሐሳቡ ከዓመታት በፊት በሌላ ሰው ተመዝግቦ ስለተገኘ መብቱ ተሰረዘበት። አባባ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ልጁስ አልወደቀም?» አሉኝ። ከአደጋው በኋላ ስለ መውደቅ ሲናገሩ ያን ጊዜ ገና መስማቴ ነው። የማውቀው ነገር የለም አልኳቸው። ልጄ ከጎን ሆኖ «ይወድቃል እንጂ፤ ግን ይነሣል» አለና ከብርቱካኑ አንዱን ላጠ፤ በአንድ እጁ።

ጀሶው በኅዳር ተፈታ። ሐኪሙ ካለው በላይ ሁለት ሳምንት ጨምሬ ነው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ያወጣሁት። የመጀመሪያው ቀን እኔም በእግሬ ወጣሁ፤ ከዚያች ኩርባ በታች፣ ከጉቶው አጠገብ ቆምኩ። ሄልሜቱን አጥብቆ መጣ፤ ኩርባዋ ላይ ብስክሌቱ አዘነበለ፤ ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ አለፈኝ። እጅ ሊነሣኝ እጁን ከመሪው ሲያነሣ ጮህኩበት። አሁንም ቅዳሜ ጠዋት ስልክ በተደወለ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል፤ ይህን ጎማ አልፈታውም።

አባባ የሾፌርነት ልማዳቸው አልጠፋም። በዕቃ ቤቱ በር ውስጠኛ ጎን ላይ በጠመኔ «ፊት 30 – ኋላ 33» ብለው ጽፈዋል፤ ከሥሩ የለኩበትን ቀን ያሰፍራሉ። ባለፈው ሳምንት መጥረጊያ ላወጣ ስገባ በዚያው ጽሕፈት አዲስ መስመር ተጨምሮ አየሁ። «24 ጎማ – 507 – 28 ኪሎ – ፊት ? ኋላ ?» ይላል። 28 ኪሎ ትንሿ ልጄ ናት። ብስክሌት የላትም። ደግሞ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ስለ ብስክሌት የነገረኝ ሰው የለም።